ብስክሌቱን አትንጠቁት፤ ሄልሜቱን አልብሱት!

 

የዛሬው ጽሑፍ አንዳንዶቻችሁን ሊያስቆጣ ይችላል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ከዚያ በኮሜንት ተሟገቱኝ።

ልጃቸው ከብስክሌት የወደቀባቸው ወላጆች በውስጥ መስመር ሲጽፉልኝ ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ ስለ ሕክምናው አይደለም። «ዶክተር፣ ብስክሌቱን ልሽጠው ወይስ ቆልፌ ላስቀምጠው?» ነው የሚሉኝ። መልሴ አጭር ነው፦ አትሽጡት፣ አትቆልፉበትም። ለምን እንደሆነ ግን ረዘም አድርጌ ላስረዳ፤ ምክንያቱም «ከልክሉት፣ ያርፋል» የሚለው ምክር ልጆቻችንን ሲጠብቅ ሳይሆን ሲጎዳ ነው የማየው።

የት እንደሚነዱ እንወቅ

ደብረ ማርቆስ ላይ ብስክሌት ማለት የአስፋልት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አስፋልቱን ባጃጅ፣ አይሱዙና ሚኒባስ ይዘውታል። ልጆቻችን የሚሄዱት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ኮረኮንች ነው፦ በባሕር ዛፉ ውስጥ ለውስጥ፣ በየራባ ደን አካባቢ፣ ወደ ጨሞጋ በሚወርደው ድንጋያማ የእግር መንገድ። ጉልበት ያላቸው ወጣቶች ደግሞ ወደ ሮብ ገበያና ወደ ጮቄ የሚያወጣውን ዳገት ይሞክራሉ። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ዳገት በፔዳል መውጣት ቀላል አይደለም፤ ልብና ሳንባቸውን እያሠሩ ነው።

ይህ የዱርዬ ጨዋታ አይደለም። በድንጋያማና በጫካ መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳት እ.ኤ.አ. ከ1996 የአትላንታ ኦሎምፒክ ጀምሮ የኦሎምፒክ ውድድር ነው። ብስክሌት ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። እ.ኤ.አ. በ2016 ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ልዩነቱ አንድ ነው፦ እነዚያ ተወዳዳሪዎች ራሳቸውን ሸፍነው ነው ወደ መንገድ የሚወጡት፤ የእኛ ልጆች ግን ያንኑ ድንጋይና ቁልቁለት በባዶ ራስ፣ በሸበጥ ጫማ፣ በተበላ ፍሬን ይጋፈጡታል።

ክልከላ ምን ያመጣል?

አብዛኛው ወላጅ ከሁለት አንዱን ነው። አንደኛው «ብስክሌት ብትነካ እግርህን እሰብርልሃለሁ» ይላል። ሁለተኛው «እግዜር ይጠብቀዋል» ብሎ ልጁን በፈለገበት ይለቀዋል። ሁለቱንም እወቅሳለሁ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የመጀመሪያው ነው፤ ለልጁ አሳቢ መስሎ ስለሚታይ።

የተከለከለ ልጅ ብስክሌት አይተውም። ከጓደኛ ይዋሳል፤ ወይም የዳቦ ሳንቲሙን አጠራቅሞ በደቂቃ ይከራያል። የተዋሰው ብስክሌት ለቁመቱ አይሆንም፤ ፍሬኑን አያውቀውም። እንዳይታይ ደግሞ ሰው ወደሌለበት ጫካና ወደ ገደሉ አፋፍ ይሄዳል። ሲወድቅ የሚያነሣው ትልቅ ሰው በአቅራቢያው የለም። ዋናው ጉዳይ ከዚህ በኋላ ይመጣል፦ መውደቁን ይደብቃል።

እንደ ሐኪም የሚያስፈራኝ ይህ ድብቅ አወዳደቅ ነው። ከጆሯችን ከፍ ብሎ ያለው የራስ ቅል አጥንት ስስ ነው። ከሥሩ የሚያልፍ የደም ሥር አለ። ልጁ በዚያ ጎኑ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ሊሰነጠቅና ያ ደም ሥር ሊቀደድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ልጁ ለአፍታ ራሱን ይስትና ይነቃል፤ ወይም ጭራሽ ራሱን ላይስት ይችላል። ተነሥቶ አቧራውን ያራግፋል፣ ይስቃል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ውስጥ ውስጡን ግን ደሙ እየተጠራቀመ አንጎሉን ይጫናል። ከሰዓታት በኋላ «ራሴን አመመኝ» ብሎ ይተኛል። ወላጅ «ደክሞት ነው» ይላል። ይህ ልጅ በጊዜ ከተደረሰለት በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ሊድን ይችላል። ካልተደረሰለት ግን ከዚያ እንቅልፍ ላይነቃ ይችላል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እማዬ፣ ዛሬ ወድቄ ራሴን መታኝ።» ቀበቶ የሚፈራ ልጅ ይህችን አይናገርም። ክልከላችሁ ልጁን ከብስክሌቱ አላራቀውም፤ ከእናንተ ግን አርቆታል።

ከአደጋ በኋላ ብስክሌቱን መሸጥማ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። ልጁ ከዚያ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በሚቀጥለው ጊዜ አለመናገር።

ብስክሌቱን ማሳጣትም ዋጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ብስክሌቱን የቀማችሁት ልጅ መጽሐፍ ይዞ አይቀመጥም፤ ሞባይል ይዞ ነው የሚቀመጠው።

የምሰማቸው ሰበቦች

1. «እኛ ያለ ሄልሜት አይደል እንዴ ያደግነው?»

አዎ፣ እኛ ተርፈናል። ያልተረፉት ግን ዛሬ ኮሜንት አይጽፉልንም። በየሰፈሩ «በልጅነቱ ወድቆ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ሆነ» የሚባል ሰው አታውቁም? የሚጥል በሽታው፣ የትምህርት መክበዱ፣ የጠባይ መለወጡ ከዚያ አወዳደቅ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሰበብ ታላላቆቹ ብስክሌተኞችም ይሉት ነበር። «ይሞቃል፣ ይከብዳል፣ እኛ ባለሙያዎች ነን» ብለው ለዓመታት ሄልሜትን ተቃውመዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 አንድሬ ኪቪሌቭ የተባለ የካዛክስታን ብስክሌተኛ በፓሪስ–ኒስ ውድድር ላይ ያለ ሄልሜት ወድቆ በጭንቅላት ጉዳት ሞተ። በዚያው ዓመት የዓለም የብስክሌት ማኅበር ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። ሙያቸው ብስክሌት የሆነ ሰዎች እንኳ ሰው ሞቶ ነው የተማሩት። እኛ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንችላለን።

2. «ቀኑ የደረሰ በሄልሜትም ይሞታል።»

ቀኑን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው፤ ድንጋዩን ግን እኔም እናንተም እናውቀዋለን። ከ1.5 ሜትር ከፍታ የወደቀ ጭንቅላት መሬት ሲደርስ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት አለው። ይህ ልጁ ቆሞ እያለ ቢገለበጥ እንኳ ነው፤ የቁልቁለቱን ፍጥነት ገና አልጨመርንም። ሄልሜት ውስጥ ያለው ነጭ ፎም፣ ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ዓይነቱ፣ በዚያች ቅጽበት ተጨፍልቆ ለራስ ቅሉ የታሰበውን ምት ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ 40 ጥናቶችንና ከ64 ሺህ በላይ የተጎዱ ብስክሌተኞችን ያጠቃለለ ትንታኔ ሄልሜት ያደረጉ ሰዎች ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የመድረስ ዕድላቸው በ69 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

እውነቱን ልናገር፦ ሄልሜት ክንድ ከመሰበር አያድንም፤ የአንጎል መናወጥንም ሙሉ በሙሉ አያስቀርም። ፈውስ ሳይሆን መከላከያ ነው። ክትባትም እንደዚያው ነው፤ ልጃችሁን ግን ታስከትባላችሁ።

3. «ለሴት ልጅ ብስክሌት አይሆንም።»

ይህን በሹክሹክታ ነው የምትጠይቁኝ፤ እኔ ግን በአደባባይ እመልሳለሁ። ፍርሃቱ የክብረ ንጽሕና ፍርሃት እንደሆነ አውቃለሁ። ሕክምናው የሚለው ግልጽ ነው፦ የዚያ ስስ አካል ቅርጽ ከሴት ሴት ይለያያል፤ እሱን አይቶ አንዲት ሴት ድንግል ናት ወይም አይደለችም ማለት የሚችል ሐኪም የለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብትና የሴቶች ተቋማት የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጸው እንዲቀር ጠይቀዋል። ብስክሌት ሴትን መካን አያደርግም፤ ማህፀኗንም አይጎዳም። በእግሯ አንድ ሰዓት ተጉዛ ትምህርት ቤት ለምትደርስ የጎዛምን ልጅ ብስክሌት እግር ማለት ነው። ወንድሟ የሚወድቅበት ድንጋይ ላይ እሷም ልትወድቅ ትችላለች፤ የሚያስፈልጋትም እንደ ወንድሟ ሄልሜት ነው።

4. «ሄልሜት ውድ ነው።»

ይህኛውን በአክብሮት ነው የምመልሰው፤ ኑሮው እንደከበደ አውቃለሁና። ብስክሌት መግዛት ለቻለ ቤተሰብ ግን ሄልሜቱ የብስክሌቱ አንድ አካል ነው፤ እንደ ፍሬኑ። ብስክሌቱን ዛሬ፣ ሄልሜቱን «ሲገኝ» አትግዙ። ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ ርካሽ ብስክሌት ገዝታችሁ የተረፈውን ለሄልሜት አውሉት። ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶችም ለልጆቹ ጫማና ስልክ ከምትልኩ ከሻንጣችሁ ጥግ አንድ ሄልሜት ጣል አድርጉ። ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ በታች ነው።

ሄልሜት ስትገዙና ስታስሩ

👉 ውስጡ ጠንካራ ነጭ ወይም ጥቁር ፎም ይኑረው። ስፖንጅ ብቻ ያለው ባዶ ፕላስቲክ ቆብ አሻንጉሊት ነው።
👉 የግንበኛ ቆብ ለብስክሌት አልተሠራም። የአዋቂ የሞተር ሄልሜትም ለልጅ አንገት ይከብዳል፣ ይሽከረከራል።
👉 የፊቱ ጠርዝ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ ይበል። ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግንባር ክፍት ከቀረ ጥቅሙ ግማሽ ነው።
👉 ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ይቆለፍ፤ አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ ያሳልፍ። ሳይቆለፍ የተደረገ ሄልሜት ከልጁ ቀድሞ ይበርራል።
👉 በወፍራም ኮፍያ ላይ አይደረግም። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ሹሩባዋን እንደተሠራች ሄዳ ትለካው።
👉 አንዴ በኃይል የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ፎሙ ተጨፍልቋልና ይቀየር። «ለታናሹ ይሆናል» አይባልም።

ብስክሌቱና መንገዱ

ወፍራም ጎማና ከፊቱ ሞላ ያለው ሁሉ በገበያችን «ማውንቴን» ይባላል። መልኩ ብቻ ለዐለት አያበቃውም። ከመነሣታችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን እየያዛችሁ ግፉት፤ ጎማው ካልቆመ አይነዳም። የመሪው ጫፍ ላይ ያለው ጎማ ወልቆ ብረቱ ከወጣ ዛሬውኑ ይሸፈን፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ልጁ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ የእግሩ ጣቶች መሬት መንካት አለባቸው።

የእኛ አካባቢ የራሱ ወጥመዶች አሉት። ተቆርጦ የተሸጠ የባሕር ዛፍ ጉቶ ከመሬት ትንሽ ብቅ ብሎ ይቀራል፤ ቅጠል ሲሸፍነው አይታይም፤ ጎማ ሲይዝ ልጁን ወደ ፊት ይወረውረዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ በጤዛም በዝናብም ያንሸራትታል። ክረምት ላይ ዋልካው ጎማና ፍሬን ይሞላል፤ ከዝናብ በኋላ ድንጋዩ እንደ ሳሙና ነው። ልጆቻችሁን እንዲህ አስተምሯቸው፦ ያላወቃችሁትን ቁልቁለት መጀመሪያ በእግራችሁ ውረዱት። በቁልቁለት የፊት ፍሬንን ብቻ በድንገት አትያዙ፤ በመሪው ላይ ያስገለብጣል። ሁለቱንም ቀስ በቀስ ያዙ፣ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ሳቡ። ከኋላ ጓደኛ አትጫኑ፤ የትንንሽ ልጆች እግር በቸርኬው ሽቦዎች መሃል ገብቶ ቁርጭምጭሚታቸው ይጎዳል። ነጠላና ሰፊ ሱሪ ከካቴናው ይራቅ። ብቻችሁን ጫካ አትግቡ፤ የት እንደምትሄዱ ለቤት ሰው ተናገሩ። ይህ የመጨረሻው ያልተከለከለ ልጅ ብቻ የሚፈጽመው ምክር ነው።

ከወደቀ በኋላ

የወደቀን ልጅ በሁለት እጁ ጎትታችሁ አታቁሙት። ራሱን የሳተ ወይም አንገቱን የሚያመው ከሆነ ራሱ፣ አንገቱና ወገቡ በአንድ መስመር እንዲሆኑ አድርጋችሁ ያዙት። አባቶቻችን በሽተኛ የሚሸከሙበት ቃሬዛ ለዚህ ከባጃጅ ይሻላል። በአፉ ውሃም ሆነ ምንም ነገር አትስጡት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ክብሪት ማሽተት፣ ሽንኩርት ማሽተት ጊዜ ያባክናል።

ራሱን ከተመታ በኋላ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ሩጡ፦

• ለአፍታም ቢሆን ራሱን ከሳተ ወይም የሆነውን ካላስታወሰ
• ደጋግሞ ካስመለሰው
• ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ
• ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከበዛበት፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ፣ ከቀባዠረ
• ካንቀጠቀጠው
• ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ጠራ ያለ ፈሳሽ ከወጣ
• ከጆሮው ኋላ ወይም በዓይኖቹ ዙሪያ ከጠቆረ
• የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም አንድ ጎኑ ከደከመ

«እስኪነጋ እንየው» አትበሉ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያውም የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ። ባሕር ዳርም ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለከፍተኛ ሕክምና የሚላክ ልጅ ይህ ሁሉ መንገድ ይጠብቀዋል። ቤት ውስጥ የምታባክኑት ሰዓት ከዚያ ላይ የሚጨመር ነው።

ሐኪም አይቶ «ወደ ቤት ይሂድ» ያለው ልጅ መተኛት ይችላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ሌሊት ጥቂት ጊዜ ቀስቅሳችሁ ስሙንና የት እንዳለ ጠይቁት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ደም መፍሰስ ሊያባብሱ ስለሚችሉ አስፒሪን፣ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ። አንጎሉ ሳያገግም ለሁለተኛ ጊዜ ቢወድቅ ጉዳቱ እጅግ ይከፋል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ብስክሌት ላይ አይውጣ። ይህ ክልከላ ግን ልኩ የታወቀ፣ ምክንያቱ የተነገረው ክልከላ ነው። ልጆች ይህን ይረዳሉ።

ስለ ወጌሻ

እዚህ ላይ እንደምትቆጡ አውቃለሁ። ወጌሾቻችንን አልሳደብም፤ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ሕዝቡን የረዱ ሰዎች ናቸው። ግን ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ። ልጅ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ነው፤ ስለዚህ ክንዱ ከክርኑ ከፍ ብሎ ይሰበራል። ከዚያ ቦታ አጠገብ እጅን የሚመግብ ዋና የደም ሥርና ነርቮች ያልፋሉ። የተሰበረውን ማሸት ስለታም አጥንቱን በደም ሥሩ ላይ ማንሸራሸር ነው። አጥብቆ በቀርከሃ ማሰር ደግሞ ይብሳል፤ እብጠቱ ገና እየመጣ ስለሆነ እስሩ ደም ያግዳል። ደም ያጣ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በአገራችን ሆስፒታሎች የልጆች እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ጠብቆ የታሰረ ስብራት መሆኑ በጥናት ደጋግሞ የተነገረ ነው። ለስብራት የመጣ ልጅ ክንዱን አጥቶ ይመለሳል። ከብስክሌት መውደቅ ክንድ ይሰብራል፤ ክንዱን የሚያስቆርጠው ግን ከወደቀ በኋላ ያደረግነው ነው።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ራጅ ሳይነሣ አይታሽ፣ አይጎተት። ባለበት ሁኔታ በካርቶንና በነጠላ ላላ አድርጋችሁ ደግፋችሁ አምጡት። በጀሶም ሆነ በቀርከሃ የታሰረ ልጅ ሕመሙ ከመቀነስ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ማንቀሳቀስ ካቃተው እስሩ ወዲያው ይፈታ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። «ያሰረው ሰው ይቆጣል» ተብሎ እጅ አይጠፋም።

ሆዱንና ቁስሉን አትርሱ

ስለ መሪው ጫፍ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ልጅ ሲወድቅ የመሪው ጫፍ ሆዱን ሊወጋው ይችላል። ከላይ የምትታየው ክብ ምልክት ብቻ ትሆናለች፤ ከውስጥ ግን ጣፊያ፣ ጉበት፣ ቆሽት ወይም አንጀት ሊጎዳ ይችላል። ምልክቱ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ይመጣል፦ የሆድ ሕመም፣ ማስመለስ፣ መገርጣት፣ የግራ ትከሻ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሽንት። «መሪው ሆዱን መታው» ብላችሁ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩ።

የተላጠና የተቀደደ ቁስል በብዙ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። ቡና፣ ቅቤ፣ አመድ፣ ጋዝ አይደረግበት። የምንወድቅበት አፈር ከብት የዋለበት ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም በእበትና በአፈር ውስጥ ይኖራል። ልጁ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ክትባት መውሰዱን የሚያሳይ ካርድ ካለ ይዛችሁ ኑ፤ ማጠናከሪያ ያስፈልገው እንደሆነ እናያለን።

ጥፋቱ የወላጅ ብቻ አይደለም

ብስክሌት የምታከራዩ ወንድሞች! ፍሬን የሌለው ብስክሌት ለ9 ዓመት ልጅ በደቂቃ ሒሳብ ማከራየት ሥራ ሊባል አይችልም። አምስት ብስክሌት ካላችሁ አምስት ሄልሜት ግዙ፤ በኪራዩ ላይ ጥቂት ጨምሩበት። ሄልሜት ያላደረገ አይነሣ። ወላጆች ሄልሜት ያለበትን ቤት መርጠው ይልኩላችኋል።

ብስክሌት የምትሸጡ ነጋዴዎች! ሄልሜቱን ከብስክሌቱ ጎን ስቀሉት። ያልታየ ዕቃ አይጠየቅም።

ትምህርት ቤቶች! በዓመት አንድ ቀን በግቢያችሁ ስለ ፍሬን፣ ስለ ሄልሜትና ስለ ቁልቁለት አስተምሩ። የብስክሌት ማቆሚያ ስትሠሩ ሄልሜት መስቀያም አስቡ።

የከተማችን አስተዳደር! ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚቆይ ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ እግረኛና ብስክሌተኛ መንገድ እንዲያገኙ የሚል ነው። ልጆቻችን ወደ ጉቶውና ወደ ገደሉ የሚሸሹት አስፋልቱ ላይ ቦታ ስለሌላቸው ጭምር ነው። ከጫካው ጠርዝ ጉቶው የተነቀለለት፣ አደገኛው ድንጋይ የተነሣለት አንድ መለማመጃ መንገድ ብታዘጋጁ የሚፈልገው ከሲሚንቶ ይልቅ የወጣቶች የዘመቻ ሥራ ነው።

ለወላጆች የመጨረሻ ቃል

ዛሬ ማታ ልጃችሁን አስቀምጡና ሦስት ነገር ተዋዋሉ። አንደኛ፦ ሄልሜት ከሌለ ብስክሌት የለም፤ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ለሰፈር ውስጥም ቢሆን። ሁለተኛ፦ የሚሄድበትን ይናገራል። ሦስተኛው የእናንተ ቃል ኪዳን ነው፦ «ወድቀህ ብትነግረኝ አልመታህም፣ ብስክሌቱንም አልነጥቅህም።» ይህን ቃል ጠብቁት። ከሄልሜቱ ቀጥሎ የልጃችሁን ራስ የሚጠብቀው ይህ ነው።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። በእናንተ ሰፈር ልጆች የት ነው የሚነዱት? ሄልሜት የሚያከራይ ቤት ታውቃላችሁ? በኮሜንት ጻፉልን፤ ሌላው ወላጅ ይጠቀምበታል። ጽሑፉን ልጅ ላለው ሁሉ ሼር አድርጉ። ይህ ገጽ ትምህርት ይሰጣል እንጂ ምርመራን አይተካም፤ ልጃችሁ ወድቆ ከሆነ መልስ እስክጽፍላችሁ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ጤናችሁ ይብዛ!

ጠቅላላ ሐኪም፣ ደብረ ማርቆስ